ፎርማትና ንስሐ

«ፎርማት ይደረግ።» ኮምፒውተር ሲያስቸግር በአገራችን የሚሰጠው የመጀመሪያም የመጨረሻም ፍርድ ይኸው ነው። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀሙት ጥቂቶች ፍርዱን ለስለስ አድርገው «ወደ አዲሱ ቨርዥን አፕግሬድ አድርገው» ይላሉ። ስክሪኑ ቢርገበገብ፣ ዋይፋዩ ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ አንዴ ከተከደነ አልነቃም ቢል፣ ፕሪንተሩ ቢያኮርፍ መልሱ ያው ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ክርክሩን የሚያከብደውም ይኸው መሥራቱ ነው። ችግሩ ይጠፋል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል፣ ባለሙያው የሠራበትን ይቀበላል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ግን ምን ተበላሽቶ እንደነበረ አያውቁም። ታዲያ ስሕተቱ ታርሟል ወይስ ጠፍቷል? ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ይኖራል። እኔ አንድ አይደሉም ባይ ነኝ፤ ይህን ለማስረዳትም ከኮምፒውተር ቤት ይልቅ ወደ ላስታ ተራሮች መውጣት ይሻላል። ላሊበላ ላይ አሮጌውን ጥሎ በአዲስ መተካት የሚባል ነገር የለም። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ ቢሰነጠቅ አዲስ ቨርዥን አይወርድለትም።

አስቀድሜ ለአፕግሬድ የሚገባውን ልስጥ። ሊኑክስ ላይ ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚነጋገሩት ድራይቨሮች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ከተጫነበት ሥርዓት በኋላ የተሠራ ከሆነ የቆየው ከርነል የዋይፋይ ካርዱን ስም እንኳ አያውቅም፤ አዲሱ ያውቃል። ይህ ጥንቆላ አይደለም። ከሊኑክስ ዝርያዎች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው ባለ ረጅም ዕድሜ እትም አምስት ዓመት የደኅንነት እድሳት ሲያገኝ፣ በመካከል የሚወጡት የሚያገኙት ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ዘመኑ ባለፈበት እትም ኢንተርኔት ላይ መዋል፣ ቀዳዳው ለሌባ ሁሉ በታወቀ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ እንደ መተኛት ነው። ስለዚህ ሥርዓታችሁን አታሳድጉ አልልም። የምለው ሌላ ነው፦ አፕግሬዱ ፈውስ የሆነው አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ጉድለቱን በስሙ ጠርቶ፣ መነሻውን ፈልጎ፣ ጥቂት መስመር ኮድ ስላቃና ነው። ያንን አዲስ ነገር እንላለን እንጂ የምንወርሰው የሌላ ሰው ጥገና ነው።

ውርሱ ግን ተነጥሎ አይመጣም። ያቺ አንዲት ጥገና የምትመጣው ከሺህ ሌሎች ለውጦች ጋር አንድ ላይ ታስራ ነው። ሰባት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ሌሊት ውጦ ጠዋት የተሻለው ሰው የትኛው እንዳሻለው እንደማያውቅ ሁሉ፣ አፕግሬድ ያደረገም የትኛው ለውጥ እንደረዳው፣ የትኛው ደግሞ ነገ እንደሚያመው አያውቅም። ኡቡንቱ 17.10 በ2017 መጨረሻ ላይ የገጠመው ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከከርነሉ ጋር የመጣ አንድ ድራይቨር በአንዳንድ ላፕቶፖች፣ በተለይ በተወሰኑ የሌኖቮ ሞዴሎች፣ ባዮሱን ማበላሸቱ ታወቀ፤ የኡቡንቱ አሳታሚ ካኖኒካልም የዚያን እትም ማውረጃ ለጊዜው እስከ ማንሳት ደረሰ። ባዮስ ከሊኑክስ በታች ያለ፣ ፎርማት የማይነካው ንብርብር ነው። ስክሪኔ ተርገበገበብኝ ብሎ ያሳደገ ሰው ፎርማት የማያድነው በሽታ ሊገጥመው ይችል ነበር ማለት ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ ነው። ሌላው የሊኑክስ ዝርያ፣ የፌዶራ ፕሮጀክት፣ አንድ እትም ዘመኑ ሲያልፍ በዚያ እትም ላይ ተመዝግበው መልስ ያላገኙ የብልሽት አቤቱታዎችን ይዘጋል፤ ችግሩ በአዲሱም ካለ እንደገና አመልክቱ ይላል። ሥራ ለበዛባቸው በጎ ፈቃደኞች ይህ የማይቀር ነገር ነው፣ አልፈርድባቸውም። ቢሆንም መዝገቡ ላይ «ተዘጋ» የሚለው ቃል ሲጻፍ ጥያቄው አልተመለሰም፤ የተጠየቀበት ቤት ነው የፈረሰ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን ልዩነት በደንብ የሚያበራ ሥርዓት አለ። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ከተጠመቀ በኋላ የወደቀ ሰው ዳግመኛ አይጠመቅም፣ ንስሐ ይገባል እንጂ። ንስሐ ሲገባም ከነገ ጀምሮ ጥሩ ሰው እሆናለሁ ብሎ አይሰናበትም፤ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ የሠራውን በስሙ ይናገራል፣ ቀኖናውን ይቀበላል፣ ይፈጽማል፣ ይፈታል። እንግዲህ ሥርዓቱ ሁለቱንም ዓይነት መታደስ ያውቃል፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆነውን ፍጹም አዲስ ልደትና፣ ዕድሜ ልክ የሚመላለሰውን፣ ጥፋትን እየጠሩ የሚደረገውን ጥገና። ሁለተኛውን በመጀመሪያው መተካት ግን አይፈቅድም። በየመሰናክሉ ልጠመቅ የሚል ሰው ትሑት ሊመስል ይችላል፤ እውነቱ ግን ኑዛዜን እየሸሸ መሆኑ ነው። የፎርማት ባህላችን ይህንኑ ሰው ይመስለኛል። ኮምፒውተር ኃጢአት የለበትም፣ ምን ያገናኘዋል የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ማሽን አይበድልም። ከንስሐ የወሰድኩት በደሉን ሳይሆን ዕውቀቱን ነው፤ የተወውን ነገር ስሙን የማያውቅ ሰው ሲመለስበት አያውቀውም። ፕሮግራመሮችም ይህን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። አንድ ብልሽት ካቃኑ በኋላ ያ ብልሽት በሚቀጥለው እትም ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ የምትፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ያቺ ፕሮግራም የጥፋቱ ማስታወሻ ናት። ጥፋቱን ሳይለይ ያሳደገ ሰው ግን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሊጽፍ አይችልም። ምን ብሎ?

አሁን ወደ ላሊበላ። ቀድሞ ሮሐ ይባል የነበረው ከተማ ላይ በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። ሲገነባ ስሕተት ቢፈጠር ድንጋይ ተነቅሎ ሌላ ድንጋይ ይገባል፤ ሲፈለፈል ግን መጥረብ ብቻ ነው ያለው፣ መመለስ የለም። የመሮው እያንዳንዱ ምት የመጨረሻ ነው። በትውፊት ቀን ሰዎች የጠረቡትን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይጨምሩበት ነበር ይባላል፤ ሥራው ምን ያህል ስሕተት የማይፈቅድ እንደነበረ ለሚያስተውል ሰው ትውፊቱ በራሱ አንድ ዓይነት የምሕንድስና አስተያየት ነው። ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች መካከል ነበሩ። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን ዝናቡ፣ ፀሐዩና የሌሊቱ ብርድ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ እየበሉት ኖረዋል፤ በየዘመኑ የመጣ አዳኝም የዘመኑን አዲስ መድኃኒት ይዞ መጥቷል።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ ነው ነገሬን የሚያስረዳልኝ። በ1950ዎቹ ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ። ሬንጅ በዚያ ዘመን የመጨረሻው እትም ነበር ማለት ይቻላል፤ መንገዱም ጣራውም በእሱ ይደፈን ነበር። ቅቡ ስንጥቁን ከዓይን ሰወረው። ድንጋይ ግን እንደ ቆርቆሮ አይደለም፣ ይተነፍሳል፤ ከውጭ የሚገባውን ውሃ የሚከለክል ልባስ ከውስጥ የሚወጣውንም እርጥበት ይከለክላል። በ1960ዎቹ ማብቂያ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ልባስ ማንሳት ነበር። ማለትም አንዱ ትውልድ ያሻሻለውን ሌላው ትውልድ ፋቀው። በ2008 ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ መስቀል፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተዘረጉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። መጠለያዎቹ ዝናቡን አስቁመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከጊዜ በኋላ ግን ክብደታቸውና ነፋስ ሲመታቸው የሚፈጥሩት ንዝረት ራሱ ሥጋት ሆኖ፣ በ2018 የከተማው ነዋሪ ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ። እስቲ ልብ በሉ፦ ሕዝቡ የጠየቀው ከዚህ የተሻለ ጣራ አልነበረም። ጣራው ከላይ ሲሆን ስንጥቁ ከታች እንዳለ ነው፣ እሱን አድኑልን ነበር ያለው። የዓለም ቅርሶች ፈንድ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጎልጎታ ሚካኤል የሠራው ሥራ መንገዱ ሌላ ነው፤ ድንጋዩን ስንጥቅ በስንጥቅ እያጠኑ፣ ለድንጋዩ የሚስማማ ማያያዣ እየመረጡ፣ ውሃው የሚሄድበትን እያቃኑ መጠገን። ዘገምተኛ ነው፣ ለምረቃ ፎቶም አይመችም። ግን ከሌሎቹ መድኃኒቶች ሁሉ ብልሽቱን በስሙ የጠራው እሱ ነው።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል። ላሊበላ ራሱ አፕግሬድ ተደርጎ የለም እንዴ? ይለኛል። አለው ማስረጃ። አርኪኦሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ ከሌሎቹ ብዙ ዘመን የሚቀድሙና መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት ያልተፈለፈሉ ናቸው ብሎ ተከራክሯል። ተመራማሪዎቹ ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬል፣ ክሌር ቦስ ቲየሴና ማሪ ሎር ዴራ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ቋጥኙ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዘመኑ እንደገና እየተጠረበ፣ ግቢው እየጠለቀ፣ በሩ ቦታ እየለወጠ መምጣቱን ከጥርቡ ቅደም ተከተል አንብበዋል። በአንድ ንጉሥ ዘመን ተጠናቀቀ ከሚለው ትውፊት ጋር ይህ እንዴት እንደሚታረቅ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለእኔ ክርክር ግን ማስረጃው ከመቃወም ይልቅ ይደግፈኛል። እነዚህ ምሁራን የቀድሞውን ዘመን ማንበብ የቻሉት አዲሱ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ስላልደመሰሰው ነው። ግቢው ሲጠልቅ የቀድሞው ወለል የነበረበት ከፍታ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ መሬት የሸሸው በር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይመሰክራል። ጠራቢው ቢፈልግም ባይፈልግም የቀድሞው ሥራ የአዲሱ መነሻ ነው። ፎርማት ግን መነሻ አያውቅም፤ ከባዶ ይጀምራል፣ ባዶውንም ንጽሕና ይለዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን ልማድ የሚመጣው ነው። ከላስታ ወጣ ቢሉ በየገጠሩ የሣር ክዳን ያለው አጥቢያ ፈርሶ በቆርቆሮና በብሎኬት ሲተካ የታወቀ ነው፤ ምእመኑም እልል ብሎ ያስመርቃል እንጂ አሮጌው ቀረብኝ ብሎ አያዝንም። ታዲያ አዲስ ማድረግ ለቤተ ክርስቲያን ነውር ካልሆነ ለኮምፒውተር ምን ነውር አለው? መልሱ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። አሮጌው ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት መቃኞ ይሠራል፤ ታቦቱ በክብር ወጥቶ በመቃኞው ያድራል፤ ቅዳሴው እዚያ ይቀጥላል፤ አዲሱ ሲያልቅ ታቦቱ ይመለሳል። ግድግዳው ቢለወጥ ቤተ ክርስቲያኑ ያው ቤተ ክርስቲያን የሆነው የማይለወጠው አስቀድሞ ተለይቶ ስለወጣ ነው። እኛ ጋ ግን ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ካለቀ በኋላ ነው «ፎቶዎቼስ?» የሚባለው። መቃኞ ሳይሠሩ ያፈረሱ ሰዎች ጥያቄ ነው ይኸ። ሊኑክስ የተጠቃሚውን ፋይል ሆም በሚባል ለብቻው በሆነ ማኅደር ማኖሩ፣ ሲፈለግም ያንን ማኅደር በራሱ የዲስክ ክፍል ማስቀመጥ መቻሉ፣ ሥርዓቱን ሲቀይሩ ያ ሳይነካ እንዲቀር ነው። እንዲህ የተለየ ነገር ካለ እኔም ለመተካት አልሰስትም።

የፊደላችን ታሪክ ይህን ተቃውሞ ያጠናክረዋል፤ በታማኝነት ልቀበለው ይገባል። ለዓለም ፊደላት አንድ የጋራ ኮድ ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ በየፎንቱ የተለያየ ኮድ ነበረው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። ፎንት ይዞ መዞር፣ ካንዱ ወደ ሌላው መገልበጫ መጻፍ፣ ይህ ሁሉ ጥገና ነበር፤ በሽታውን ግን አላዳነም፣ መሠረቱ ላይ ስለነበረ። ያዳነው መሠረቱን የለወጠው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ዛሬ ኡቡንቱም ሌላው የሊኑክስ ዝርያ ዴቢያንም አማርኛን ያለ ልመና የሚያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንዳንድ ስሕተት በጥገና አይድንም፤ አዲስ ጨርቅ በአሮጌ ልብስ ላይ መጣፍ ቀዳዳውን እንደሚያሰፋ በወንጌል የተነገረው ምሳሌም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዩኒኮድ «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» ከሚል ተስፋ አልተወለደም። ፊደላቱን ቆጥረው፣ የዝርያዎቹን ሥርዓት አጥንተው፣ ችግሩ የት እንዳለ በስሙ የጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያም በኋላ በድሮው ኮድ የተጻፈው ሰነድ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መሻገር ነበረበት፤ ያልተሻገረው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ላይ ዲዳ ሆኖ ተቀምጧል። ደጉ አፕግሬድ ከክፉው የሚለየው በዚህ እንጂ በአዲስነቱ አይደለም።

ለተራው ተጠቃሚ ሲባል የሚነሳው ሙግት ግን ይቀራል፤ ልብ የሚነካውም እሱ ነው። አንዲት መምህርት ለነገው ፈተና ወረቀት ማተም ትፈልጋለች፤ የፕሪንተሩን ድራይቨር ታሪክ እንድታጠና ማስገደድ ግፍ አይሆንም? ይሆናል። ማንም ሰው የሚጠቀምበትን ዕቃ ሁሉ ውስጡን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ላሊበላ የሚሳለመውም ገበሬ የድንጋይ ኬሚስትሪ አይማርም። እኔ የምጠብቀው ያነሰ ነገር ነው። ታማሚ ለሐኪም በሽታውን ባያውቅም ሕመሙን ይናገራል፤ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ሲያደርግ እንደሚብስበት። ባለሙያውም ከመደምሰሱ በፊት የስሕተቱን መልእክት ጽፎ መያዝ አያቅተውም፤ አምስት ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ሊኑክስን ከመረጥን ወዲያ ይህን አለማድረግ እንግዳ ነገር ይሆናል። የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ከተነሳባቸው ምክንያቶች አንዱ እኮ ፕሪንተር ነበር። የእንቅስቃሴው መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ኤም.አይ.ቲ. ሳለ ወረቀት የሚያንቅ የዜሮክስ ማተሚያ ነበራቸው፤ ቀድሞ በነበራቸው ማተሚያ ላይ እንዳደረገው ፕሮግራሙን አሻሽሎ ሲታነቅ ለሰዎቹ እንዲነግር ሊያደርገው ፈለገ፤ ኮዱን የያዘው ሰው ግን ላለማጋራት ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። በ1983 የታወጀው የግኑ ፕሮጀክት፣ በ1991 ከመጣው የሊነስ ቶርቫልድስ ከርነል ጋር ተገናኝቶ ዛሬ የምንጠቀመውን ሥርዓት የሰጠን፣ ከዚህ ቁጭት የተነሳ ነው። ሰውየው የተሻለ እትም እስኪመጣ ልጠብቅ አላለም፤ ልጠግን ከለከሉኝ አለ እንጂ። በዚያ ቁጭት የተገኘን ዕቃ እንደታሸገ ሳጥን መያዝ በተከፈተ በር አጠገብ ቆሞ መስኮት መቆርቆር ነው።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ የፍልስፍና ብቻ አይደለም። አፕግሬድ ጊጋባይት በጊጋባይት ማውረድ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ አሉ ብሎ ይነሳል። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ሰሜን ወሎ ለወራት ሁለቱንም አጥቶ ነበር። እንዲያ ባለ ጊዜ አዲስ እትም የሚያወርድ ሰው የለም፤ ያለውን አውቆ የሚያቃና ሰው ካለ ግን ያለው ይሠራል። ኡቡንቱም ከ17.10 ጀምሮ ለባለ 32 ቢት ማሽኖች የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል፤ በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላሉበት ትምህርት ቤት «አሳድገው» የሚለው ምክር «ጣለው» ማለት ሊሆን ይችላል።

አዲስ ነገር እንደምጠላ የሚቆጠርብኝ ከሆነ ከላስታ ብዙም የማይርቀውን ዋድላን እጠራለሁ። ዋድላ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፣ ደቀ መዝሙሩ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል። ያች ምድር እንግዲህ በአንድ በኩል ፈጽሞ የማይተካ ቋጥኝ፣ በሌላ በኩል አሮጌ የማይቀበል ጉባኤ ይዛ ትኖራለች። ሁለቱ አይጣሉም፤ ምክንያቱም አዲሱን ቅኔ የሚዘርፈው ሰው ስሕተቱ በመምህሩ ፊት እየተነገረው፣ ቤቱ የተሰበረበት ቦታ እየተጠቆመው ነው ያደገው። የትርጓሜ መምህራንም እንዲሁ ናቸው፤ «አንድም» እያሉ አዲስ ሐተታ ሲያመጡ የቀድሞውን አይፍቁትም፣ ከጎኑ ያቆሙታል፤ ተማሪው የትኛው ለምን እንደተባለ ያያል። ዛሬ ፕሮግራመሮች ጊት በሚባል መሣሪያ የእያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ጽፈው ሲያኖሩ፣ የአንድምታ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ልማዱን የሚያውቀው ይመስለኛል።

የላሊበላ መጠለያዎች አንድ ቀን ይነሱ ይሆናል፤ በሌላ ይተኩም ይሆናል። ያን ዕለት ከሥራቸው የሚገኘው ስንጥቅ ስፋቱ ተለክቶ፣ ውሃው በየት እንደሚገባ ታውቆ፣ በጠባቂዎቹ ካህናትና በባለሙያዎቹ ዘንድ በስሙ የሚጠራ ከሆነ ብረቱ የቆመባቸው ዓመታት ንስሐ ነበሩ ለማለት ይቻላል። ካልሆነ ሬንጁ ነው ቅርጹን የለወጠ። እስከዚያው ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ ከእነዚህ መጠለያዎች አንዱም ሳይደርስለት ቆሟል። ከጠራቢዎቹ አንዱ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ዝናቡ ጠላቱ እንደሚሆን አውቆ፣ ከጣራው ላይ የሚወርድበትን አሸንዳ ከዚያው ድንጋይ አውጥቶለት ነበርና፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ዛሬም በዚያው ይወርዳል።